አሳባቂው ምርመራ፦ የሦስት ወሩ ስኳር ምን ያያል?

አክስቴ የምትኖረው ሐይቅ ነው። ስኳር ከያዛት አሥር ዓመት አልፏል። ደሴ ቀጠሮ ሲኖራት ሦስት ቀን ቀድማ ዝግጅት ትጀምራለች። ቡናዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች፣ ዳቦ አትነካም፣ እንጀራውን በግማሽ ትቀንሳለች፣ ክኒኗንም በእነዚያ ቀናት አንዲት ሰዓት አታዛንፍም። በዋዜማው ማታ ጎመን ቀመስ አድርጋ ትተኛለች። በማግስቱ በባዶ ሆዷ ሚኒባስ ተሳፍራ ደሴ ትገባለች፣ ተሰልፋ ጣቷን ትወጋለች። 112። "ጎበዝ እናቴ፣ በዚሁ ይቀጥሉ" ትባላለች። መድኃኒቷን ይዛ ስትወጣ ልጇ ማትሪክ ያለፈላት ነው የምትመስለው። ከዚያ እኔ ቤት ትመጣለች። ቡና ይፈላል። ከአቦሉ ጀምሮ ስኳሩ ማንኪያ ሙሉ ይገባል። "ዛሬማ ተፈትሼ ወጥቻለሁ" ትላለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ካርዷ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ የሚያምሩ ናቸው፦ 112፣ 118፣ 109። ባለፈው ዓመት ግን ማታ ማታ እግሯን ያቃጥላት ጀመር። "ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል" አለች። ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ እንኳ ሳታውቅ ሁለት ሦስት እርምጃ መሄድ ጀመረች። አንድ ወጣት ሐኪም ካርዱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና "ይኼ እግር ከዚህ ቁጥር ጋር አይሄድም" ብሎ ሌላ ምርመራ ጻፈላት። ደሙ ከክንዷ ተቀዳ። ውጤቱ 10.4 ይላል። ትርጉሙ ሲነገራት በሦስት ወር ውስጥ የስኳሯ አማካይ ወደ 250 ይጠጋ ነበር ማለት ሆነ።

"ይኼ ማሽን አሳበቀብኝ እኮ!" አለች። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

እኔ እንዲህ ዓይነቱን የጠዋት ውጤት "የቀጠሮ ስኳር" እለዋለሁ። አክስቴ ብቻዋን አይደለችም። የስኳር ክትትል ባለበት ቀን ሄዳችሁ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ጋር ብትጫወቱ ዝግጅቱን በኩራት የሚነግራችሁ አታጡም። ሐኪሙን ላታልል ብሎ የሚያደርገው ሰው ግን እምብዛም ነው። ሰው ቁጣ ይፈራል። "መርፌ ይጀመርልዎታል" መባልን ደግሞ ከቁጣውም በላይ ይፈራል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ሦስት ወር 90 ቀን ነው፣ 2,160 ሰዓት። በየወሩ ቀጠሮ ያለው ሰው በዚህ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይለካል፣ ያውም ሁሌ በጠዋት፣ ሁሌ በባዶ ሆድ፣ ሁሌ ከተዘጋጀበት በኋላ። ታዲያ ከምሳ በኋላ ያለው ስኳር የት ሄደ? ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ስኒ በስኳር የተጠጣበት ከሰዓትስ? በርጫ ላይ በለስላሳ የታጀበው? በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት ተቆይቶ ባንዴ የሚበላው እንጀራስ? የጠዋቱን ምርመራ ማጣጣሌ አይደለም። መድኃኒት ለማስተካከል ያስፈልጋል፣ ድንገተኛ አደጋንም ይይዛል። የሚነግረን ግን ያንን ጠዋት ብቻ ነው።

ከክንድ የሚቀዳው ምርመራ ስሙ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ነው። እኛ ጋ ሰው "የሦስት ወሩ ስኳር" ይለዋል፣ እኔም እንደዛው እለዋለሁ። አሠራሩ የሚገርም ነገር አለው። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። ደም ውስጥ የሚንሳፈፈው ስኳር ማንም ሳያዘው ቀስ በቀስ ሄሞግሎቢኑ ላይ ይጣበቃል። አንዴ በደንብ ከተጣበቀ ሴሉ እስኪሞት አይለቅም። ስኳሩ በበዛ መጠን የሚጣበቀውም ይበዛል። ምርመራው የሚቆጥረው ይህንን ነው፦ ካለው ሄሞግሎቢን ውስጥ ከመቶ ስንቱ ስኳር ተጣብቆበታል?

ለአክስቴ ያስረዳኋት በነጠላ ነው። ቡና ሲፈላ እጣን ይጨሳል። እንግዳ ሊመጣ ነው ቢባል መስኮቱን ከፍታችሁ ጭሱን በአሥር ደቂቃ ታስወጡታላችሁ። ቤቱን ያየ ምንም አልጨሰበትም ይላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጠላ አንስቶ ያሸተተ ግን ወሬውን ሁሉ ያገኘዋል። የጠዋቱ ስኳር ቤቱ ውስጥ ያለው ጭስ ነው። የሦስት ወሩ ስኳር ነጠላው ላይ የቀረው ሽታ ነው። ቀይ የደም ሴል ደግሞ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ስንት ጊዜ እንደታጠነ ይዞት ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። "የሦስት ወር" ይባል እንጂ ሦስቱ ወራት እኩል አይቆጠሩም። ከውጤቱ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከመጨረሻው አንድ ወር ነው። ሩብ ያህሉ ከዚያ በፊት ካለው ወር ነው፣ የቀረው ደግሞ ከዚያም ወዲያ ካለው ጊዜ። ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ ከልቡ የተጠነቀቀ ሰው ለውጡን ያየዋል። ሦስት ቀን የተጠነቀቀ ግን ምንም አያገኝም። በሦስት ቀን ጎመን የሚታጠብ ነጠላ የለም። በባዶ ሆድ መምጣትም አያስፈልግም። ቁርሳችሁን በልታችሁ፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ መቀዳት ትችላላችሁ።

በነገራችን ላይ ይህን ከስኳር ጋር ያያያዘው ሳሙኤል ራህባር የሚባል ኢራናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቴህራን ውስጥ የሰዎችን የሄሞግሎቢን ዓይነት እየፈተሸ ሳለ አንድ ለየት ያለ ነገር አየ። ነገሩ የታየባቸው ሰዎች የስኳር ሕመምተኞች ሆነው ተገኙ። ዓለም ሁሉ ዛሬ የሚጠቀምበት ምርመራ እንዲህ ነው የተጀመረው፣ ሌላ ነገር ሲፈለግ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ፣ ምክንያቱም ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። አክስቴ 10.4 የሚለውን ስታይ መጀመሪያ "በጣም ወረደ እንዴ?" ነው ያለችው። አትፈረድባትም። ዓመት ሙሉ 112 እና 118 ለምዳ የመጣች ሰው 10 ሲባል ስኳሯ አልቆ ልትወድቅ የደረሰች ነው የሚመስላት። ሁለቱ ግን አንድ መለኪያ አይደሉም። 112 የሚለው በአንድ ዴሲ ሊትር፣ ማለትም በሊትር አንድ አሥረኛ ደም ውስጥ ያለ የስኳር ሚሊግራም ነው። 10.4 የሚለው ከመቶ ነው። ላብራቶሪው አጠገቡ የመቶ ምልክቱን ካልጻፈ ወይም ሐኪሙ ሳያስረዳ ካለፈው ሰው እንዲህ ይደናገራል።

ሲመነዘር እንዲህ ነው። ከመቶ 6 ማለት አማካዩ ወደ 126 ነው። 7 ማለት 154፣ 8 ማለት 183፣ 9 ማለት 212፣ 10 ማለት 240፣ 12 ከደረሰ ወደ 298። በግርድፉ አንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር አማካዩ ወደ 29 ይጨምራል። ስኳር የሌለበት ሰው ከ5.7 በታች ነው። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው በር ላይ ቆሟል፣ ገና አልገባም። 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ቁጥር ለመለያነት ተቀብሎታል። ሕመሙ ላለባቸው ለብዙዎቹ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በታች ነው።

"ለብዙዎቹ" ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ልብ ወይም ኩላሊት ለታመመባቸው፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አባቶችና እናቶች ሐኪሞች 8 አካባቢን ሊቀበሉ ይችላሉ። ለምን ቢባል ስኳርን በግድ ወደ ታች መጫን የራሱ አደጋ አለው። በተለይ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምሳ ዘግይቶበት በላብ ተጠምቆ ተንቀጥቅጦ ሊወድቅ ይችላል። የሰማንያ ዓመት ሰው በ6.2 መመስገን የለበትም። "ለመሆኑ ሌሊት ላብ ያጠምቅዎታል?" ተብሎ ነው መጠየቅ ያለበት።

ይህ ሁሉ ስለ ቁጥር የምናወራው ቁጥሩ ከዓይን፣ ከኩላሊትና ከእግር ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ1983 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. 1,441 ሰዎችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። ሰዎቹ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረው፣ ያለ ኢንሱሊን የማይኖርበት የስኳር ዓይነት ያለባቸው ናቸው። ግማሾቹ በጥብቅ ክትትል ወደ 7 ወረዱ፣ ግማሾቹ በተለመደው ሕክምና 9 አካባቢ ቆዩ። መጨረሻ ላይ በመጀመሪያዎቹ ዘንድ የዓይን ጉዳት የመጀመር አደጋ በ76 በመቶ፣ የነርቭ ጉዳት በ60 በመቶ፣ የኩላሊት ጉዳት በ50 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በጉልምስና የሚመጣውን፣ እንደ አክስቴ ያለውን ስኳር የተከታተለው የእንግሊዞቹ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ነው ያሳየው። በቁጥሩ ላይ አንድ ሙሉ ነጥብ ሲቀንስ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን የሚጎዳው የትንንሽ ደም ሥሮች ችግር በ37 በመቶ ገደማ አብሮ ይቀንሳል። አንድ ነጥብ! ከ10 ወደ 9 መውረድ ብቻውን ትርጉም አለው ማለት ነው። "7 ካልደረስኩ ምን ዋጋ አለው" ብላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ ይህን ደግማችሁ አንብቡት።

ግን አሳባቂ ሁሉ እውነት አይናገርም። ይህም ምርመራ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፣ ያውም እኛ ወሎ ውስጥ በደንብ በምናውቃቸው ምክንያቶች። ወደ ነጠላው እንመለስ። ነጠላው አዲስ ከሆነ ገና በደንብ አልታጠነም፣ ሽታው ትንሽ ነው። ቀይ የደም ሴሎች ያለ ዕድሜያቸው ካለቁና ሰውነት አዳዲስ ከተካ ውጤቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይወጣል። ይህን ከሚያደርጉት አንዱ ወባ ነው። ወባ ቀይ የደም ሴልን እያፈረሰ ነው የሚኖረው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ቆቦ፣ ሐርቡ፣ ጨፋ፣ ባቲ አካባቢ በወባ ተኝቶ የተነሳ ሰው በታኅሣሥ ቢመረመርና 6.8 ቢወጣለት ዘሎ መደሰት የለበትም። ብዙ ደም የፈሰሰው፣ ደም የተሰጠው፣ ደም ለግሶ የመጣ ሰውም እንደዚሁ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ላይም በተለይ ከአራተኛው ወር ወዲህ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እርግዝና ላይ በዚህ ብቻ አይታመንም። የእርግዝና ስኳር የሚለየው ስኳር አጠጥቶ በሚደረገው ምርመራ ነው።

ነጠላው አሮጌ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የብረት እጥረት ያለበት ሰው አዲስ ሴል በደንብ ስለማያመርት አሮጌዎቹ ይበዛሉ፣ ውጤቱም ከእውነተኛው ከፍ ይላል። የወር አበባ የሚበዛባት ወይም ቶሎ ቶሎ የወለደች ሴት እዚህ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ብረት ስትጀምር ደግሞ ምንም የምግብ ለውጥ ሳታደርግ ቁጥሩ ይወርዳል። ኩላሊቱ የደከመ፣ በተለይ ዲያሊሲስ ላይ ያለ፣ ደሙ በማሽን የሚታጠብለት ሰው ላይም ምርመራው አይታመንም።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ለዚህ ምርመራ ስትሄዱ "በዚህ በሦስት አራት ወር ወባ ይዞኝ ነበር"፣ "ደም ተሰጥቶኝ ነበር"፣ "የደም ማነስ አለብሽ ተብዬ ነበር" የሚለውን ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሐኪሙ በሩ ላይ ሃምሳ ሰው ቆሞ ሳለ ይህን ሁሉ የመጠየቅ ጊዜ የለውም። የአክስቴ ሐኪም የደም ማነስ እንዳለባትና እንደሌለባት አብሮ አስመርምሯታል። ቫይታሚን ቢ12ም ጠርጥሯል፣ ምክንያቱም ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፣ ያም ራሱ እግር ያቃጥላል።

ሌላው የምርመራው ድክመት አማካይ መሆኑ ነው። አማካይ ብዙ ነገር ይደብቃል። አንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ ከ130 እስከ 170 ይውላል። ሌላው ጠዋት 50 ወርዶ እየተንቀጠቀጠ ይነሳል፣ ከሰዓት 260 ይወጣል። ሁለቱም ወረቀታቸው ላይ 7 ገደማ ሊጻፍ ይችላል። ለዚህ ነው የጣቱም የክንዱም ምርመራ የሚያስፈልገው።

እሺ፣ ምርመራው ጥሩ ነው እንበል። የት ነው የሚገኘው? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አክስቴ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዛ ስትሄድ "ማሽኑ አለ፣ ሪኤጀንቱ አልቋል" ተባለች፣ ምርመራው የሚሠራበት ኬሚካል ማለት ነው። ሌላ ቦታ "ኪቱ ሲመጣ እንደውላለን" አሏት፣ እስከ ዛሬ የደወለ የለም። በመጨረሻ በግል አሠራችው፣ ዋጋውም ከተራው የስኳር ምርመራ ብዙ እጥፍ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ናት፣ በየዓመቱ መዋጮዋን ትከፍላለች። ምርመራው መድኅኑ በሚሠራበት ተቋም ውስጥ ከሌለ ግን መታወቂያው በኪስ ከመያዝ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። አክስቴ እንኳ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቃት። ከመቅደላ፣ ከደላንታ፣ ከወግዲ የሚመጣውን አስቡት።

ጦርነቱንም መዝለል አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ ከሄዱት ዕቃዎች ውስጥ የላብራቶሪ ማሽኖች ነበሩ። ያኔ ችግሩ የሦስት ወሩ ስኳር አልነበረም፣ ኢንሱሊን ራሱ ነበር የጠፋው። ብዙው ተመልሷል። ግን ላብራቶሪ ሲጠገን ቅድሚያ የሚያገኘው ድንገተኛውና ተላላፊው ነው። ስኳር ቀስ ብሎ ስለሚገድል ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ስኳር አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው የመሠረታዊ ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ ይህንን ምርመራ አስገብቶታል። መሠረታዊ ነው የተባለው፣ ቅንጦት አይደለም።

እኔን የሚያናድደኝ መፍትሔው በእጃችን መሆኑ ነው። ለዚህ ምርመራ የሚቀዳው ደም ሐምራዊ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ቀስ ተብሎ ገልበጥ ገልበጥ ይደረጋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ እስከ ሳምንት ድረስ ውጤቱ አይበላሽም። ተራው የስኳር ምርመራ ግን እንዲህ አይደለም። ደሙ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ሴሎቹ ራሳቸው ስኳሩን ይበሉታል፣ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ተቀድቶ 5 ሰዓት ላይ የተሠራ ደም የሚናገረው ስኳር ከእውነተኛው ያነሰ ነው። እና መንገድ የሚችለው የትኛው ነው? ውዱ፣ የለም የሚባለው ምርመራ ነው። በአገራችን የቲቢና የኤችአይቪ ናሙና በፖስታ አገልግሎት ከጤና ጣቢያ ወደ ማዕከል ላብራቶሪ ሲጓጓዝ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያው ቀዝቃዛ ሳጥን፣ ያው ሞተር ሳይክል፣ ያው መንገድ። ጎኑ ላይ ሐምራዊ ክዳን ያላቸው አሥር ጠርሙሶች ቢጨመሩ ምን ይከብዳል? ማሽን በየወረዳው መትከል አያስፈልግም። ደሴ ወይም ወልድያ ላይ ሪኤጀንቱ የማያልቅበት አንድ ላብራቶሪ፣ ናሙናውን የሚያመላልስ ሰው፣ ውጤቱን በስልክ የሚልክ ሰው፣ ወጪውን የሚሸፍን መድኅን። በቃ።

እስከዚያው እኛ ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ ይህ ምርመራ በየወሩ አይሠራም፣ ብር ማባከን ነው። ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ላለ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። መድኃኒት ለተቀየረለት ወይም ግቡ ላይ ላልደረሰ በየሦስት ወሩ። መድኃኒት በተቀየረ በሦስተኛው ሳምንት ሄዶ "አልወረደልኝም" ማለት ነጠላው ሳይታጠብ ሽታው ጠፋ ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ጊዜውንም መምረጥ ይቻላል። ረመዳንን የሚጾም ሰው ከጾሙ 6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ከሐኪሙ ጋር መመካከር አለበት። ስለዚህ ከረመዳን ሁለት ወር የሚቀድመው ረጀብ ሲገባ መመርመር ጥሩ ነው። ውጤቱ ከፍ ያለ ሰው መጾም ይችላል ወይ፣ ክኒኑ በሱሁር ይሁን በኢፍጣር፣ መርፌው ይቀነስ ወይ የሚለው በዚያ ይወሰናል። ሁዳዴ ለሚጾመውም ያው ነው። 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት ቀርቶ እንጀራና ሽሮ ሲነግሥ የስኳሩ ነገር መለወጡ አይቀርም። ከጾሙ በፊት አንዴ፣ ከፋሲካ አንድ ሁለት ወር በኋላ አንዴ ቢታይ የዓመቱ ሁለት ምርመራ አለቀ ማለት ነው።

ምርመራውን ጨርሶ ማግኘት ለማይችል የጣት መለኪያውን በብልሃት መጠቀም አለ። ቤተሰብ ውስጥ አንድ መለኪያ ካለ ሁሌ በጠዋት ብቻ አትለኩ። ስትሪፑ፣ ደሙ የሚነካበት ቁራጭ፣ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። በሳምንት ሁለት ብቻ ቢኖራችሁ አንዱን በባዶ ሆድ፣ ሌላውን ምሳ ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተጠቀሙበት። በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ሳምንቱ ሲቀየር የእራቱን አድርጉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የበላችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ። ያንን ደብተር ያየ ሐኪም ከካርዱ ላይ ካሉት አሥራ ሁለት የቀጠሮ ቁጥሮች የበለጠ ያውቃል። እጃችሁን ደግሞ ታጠቡ። ስኳር የነካ ወይም ብርቱካን የላጠ ጣት ሲወጋ መለኪያው ጣቱ ላይ ያለውን ስኳር ጨምሮ ነው የሚቆጥረው። ስትሪፑንም ከነክዳኑ አስቀምጡት፣ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል። እና እባካችሁ፣ ለቀጠሮ አትዘጋጁ። ሐኪሙ እውነተኛውን ካላየ የሚጽፈው መድኃኒት ለሌላ ሰው ነው።

አክስቴ ከአራት ወር በኋላ ተመልሳ ሄደች። በዚህ መሃል ክኒኗ ተጨምሯል፣ ማታ የምትወጋው ኢንሱሊንም ተጀምሮላታል። ያን ያህል የፈራችው መርፌ "ከትንኝ ንክሻ አይብስም" ሆኖ አረፈው። ዝግጅት የለም፣ እንደወትሮዋ በልታ እንደወትሮዋ ተኝታ ነው የሄደችው። ጠዋት ጣቷን ስትወጋ 139 ወጣ። ክው አለች። በአሥር ዓመት ካርዷ ላይ እንዲህ ያለ "መጥፎ" ቁጥር ተጽፎ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ የሦስት ወሩ መጣ፦ 8.6። አማካዩ ከ250 ወደ 200 ወርዷል ማለት ነው።

ካርዱን አገላብጣ አየችው። "ታዲያ 112 እያልኩ ስታመም ነበር፣ 139 ብዬ እየዳንኩ ነው?" አለች። አዎ አልኳት። እኔ ቤት መጥታ ቡና ተፈላ። ስኳሩን ገፋ አደረገችና ጨው አምጪ አለቻት ሚስቴን፣ እንደ ድሮው የሐይቅ ባላገር በጨው ልትጠጣ። ግፊቷን ደግሞ ተለክታ እንድትመጣ ቀጠሮ አስይዣታለሁ።